የሳንቲም እሸት

ጧት ስነሣ መጀመሪያ የማየው የደጄን ሰሌዳ ነው። ፊቴን ሳልታጠብ፣ ዶሮዎቹን ሳልለቅ። በመንደራችን በቁልቋል አፋፍ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው። ነጠላውን እንደ ነገሩ ጣል አድርጎ ይወጣና የራሱን ሰሌዳ ያያል፤ ቀጥሎ የጎረቤቱን ያያል፤ ከዚያ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል፣ ወይም አይልም። የኔው አመድማ ነው። ትናንትም አመድማ ነበር። ሽቅብ ቀና ስል ከእሬቱ ድንበር በላይ የእህቴ የአመለወርቅ ሰሌዳ እንደ በርበሬ ቀልቶ ይታየኛል። ምንም ሳልል ተመልሼ እገባለሁ።

ቀይ ማለት ይቆያል ማለት ነው። አመድማ ውኃ ይገባበታል። ቢጫ ገና አልተወሰነም። ታች ሸለቆው ላይ ግድቡ አልቋል፤ ውኃው ከሚመጣው ክረምት ጀምሮ ይተኛል። ካርታው ቀይ ያለው መሬት ዙሪያውን ግንብ ይታጠርለትና ከነቤቱ ከነባለቤቱ በሐይቁ መካከል ይቀራል። የቀረነው ወደ አዲሱ ሰፈር እንሄዳለን። ቤቶቹ ተሠርተው፣ ተዘግተው ይጠብቁናል። ወስደው አሳይተውናል። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ግድግዳቸው ንጹሕ ነው፤ ከየትኛውም መስኮት የሚታየው ሌላ መስኮት ነው።

እኔ መሄድ አልፈልግም። ባሌን የሸኘሁት ከዚህ ቤት ነው። ልጆቼ በየከተማው ከመበተናቸው በፊት የጠጡት ከዚህ ምንጭ ነው። ይህን ካርታውን ለሚሠሩት ለካርታ ቤት ሰዎች ነግሬያቸው ነበር። በትሕትና ሰሙኝ። ካርታው ላይ ለምንጭ ቀለም የለውም አሉኝ።

መሬትን ቀይ የሚያደርገው ሳንቲም ነው። የጥንት ነገሥታት ሳንቲም፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ፣ ዝገት የበላው። ለየቤቱ ወንፊት ታድሎናል። ስንቆፍር አፈሩን በወንፊቱ እናሳልፋለን፤ ሳንቲም ካለበት ወንፊቱ ያንጎራጉራል፣ የሳንቲሙን ፊት ያነባል፣ ካርታው ላይ ነጥብ ያርፋል፣ ነጥቡ ላይ የባለ መሬቱ ስም ይጻፋል። ከዚያ ሳንቲሙን እዚያው ጉድጓድ መልሰን እንቀብረዋለን። ካርታው ሳንቲሙን አይፈልገውም፤ የሚፈልገው የተኛበትን ቦታ ነው። የተኛን ሳንቲም ወደ ሌላ ቦታ የወሰደ ሰው አንቀሳቃሽ ይባላል። መሬቱ ለቅርብ የሥጋ ዘመዱ ይሰጣል፤ እሱ አዲሱ ሰፈርም አይገባም፤ ከአገሩ ሰው ተለይቶ የባቡሩ መንገድ የሚያልቅበት ቆላ ይላካል። ይህንን እዚህ አገር ልጆች ፊደል ሳይቆጥሩ ያውቁታል።

እናታችን ስትሞት መሬቷን ከአመለወርቅ ጋር ለሁለት ተካፈልን። ታላቅ እኔ ነኝና መምረጡ የኔ ነበር። ምንጩ ያለበትን፣ ጥቁሩን አፈር፣ ታችኛውን መረጥኩ። ማን ይጠላል? አመለወርቅ ድንጋያሙን ወሰደች። "አንቺ ከተመቸሽ እኔ ምን ገዶኝ" አለች። ያኔም እንዲህ ነበረች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ሰው ሁሉ እኔን ብልጥ፣ እሷን የዋህ አለን። ብልጥ መባል ያን ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ወንፊቱ መጣ። ያ ድንጋያም መሬት ለካ የጥንት ገበያ ኖሯል። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ወንፊቷ ሲያንጎራጉር ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ያለበትን ቀን አላስታውስም። በካርታው ላይ መሬቷ ኩፍኝ እንደያዘው ልጅ ነጥብ በነጥብ ሆነ፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ አመለወርቅ አሰጌ፣ አመለወርቅ አሰጌ ይላል። የኔ ጥቁር አፈር የያዘው ባቄላ ብቻ ነው።

ተቃጠልኩ። ሌላ ቃል የለውም። ጎኔ ከመደቡ አልገጥም አለ። እህል አልወርድ አለኝ። እሷ ከላይ ወንፊቷን ስትነቀንቅ እኔ ከታች ጎንበስ ብዬ አረም የምነቅል መስዬ ጆሮዬን እተክላለሁ። የነፍስ አባቴ መክሳቴን አይተው "ልጄ፣ ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው" አሉኝ። ነቀዝ የሚሄደው ጎተራው ከሞላለት ሰው ዘንድ ነው፣ እኔ ምን አለኝና አልኳቸው። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ስግደት አዘዙኝ።

እሷን የሚጎበኙ ሰዎች በካርታው እየተመሩ ከከተማ ይመጣሉ። የሚያቋርጡት በኔ ማሳ ነው። አንዷን ሴትዮ በቁጣ አስቆምኳትና በባቄላዬ መካከል ምን እንደምትሠራ ጠየቅኋት። ስልኳን አሳየችኝ። የወይዘሮ አመለወርቅ መሬት በነጥብ ተጨናንቆ፣ ከሥሩ የኔው ንጹሕ ነጭ ሆኖ ይታያል። ባዶ ስለሆነ መንገድ መስሏታል። ይቅርታ ጠይቃኝ፣ እዚያው ባቄላውን ረግጣ ሄደች።

በእድር ስብሰባ ከፊት የሚቀመጡት ባለ ቀዮች ናቸው። ማንም አላዘዘም፤ እንዲያው ሆነ። ድሮ ሽማግሌ የሚልክ ሰው ዘር ይቆጥር ነበር፤ አሁን ነጥብ ይቆጥራል። ባለፈው ዓመት በአንድ ለቅሶ ላይ አስተናጋጁ ለአመለወርቅ ወንበር ሲያመጣላት እኔ ከጎኗ ቆሜያለሁ። "ለእህቴ ስጣት፣ ታላቄ ናት" አለችው። ሰጠኝ። ወገቤን ቢያመኝም አልተቀመጥኩበትም፤ ወንበሩ በመካከላችን ባዶውን ዋለ።

በኛ አገር እሸት ብቻውን አይበላም። ማሳው የደረሰለት ሰው ላልደረሰለት ጎረቤት ሳያቀምስ ቢበላ ነውር ነው፤ መሬቱ በሚቀጥለው ዓመት ያኮርፈዋል ይባላል። ምንጩ ከኔ ዘንድ ስለሆነ ሁልጊዜ ባቄላው ቀድሞ የሚደርስልኝ እኔ ነበርኩ። ከእናታችን ሞት ጀምሮ በየዓመቱ የመጀመሪያውን እሸት በመሶብ ይዤ ወደ አመለወርቅ የምወጣው እኔ ነኝ። እሷን የምበልጥበት አንድ ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር።

ዘንድሮ አልወጣሁም። እሸቱ ደረሰ፣ ለብቻዬ ቀቅዬ በላሁት። ጣዕሙ ግን ያው ነው፤ ነውር ጣዕም አይለውጥም።

አመለወርቅ ጠብቃ ጠብቃ ራሷ ወረደች። ምንጩ አጠገብ ጎመን መደብ እያዘጋጀሁ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯን ውኃው ውስጥ ነከረች።

"እትዬ፣ ዘንድሮ እሸቱን ረሳሽኝ?"

"ባለ ቀይ ምን ጎድሎባት ነው የአመድማ መሬት እሸት የምትጠብቀው?"

"ባቄላሽ ነዋ የጎደለኝ" አለች፤ ትስቃለች።

መሳቋ አናደደኝ። መቆፈሪያውን ጣልኩት። "ስሚ አመለወርቅ" አልኳት፤ "ዘንድሮ ማሳዋ የደረሰላት አንቺ ነሽ። ነጥቡ ያንቺ፣ እንግዳው ያንቺ፣ ወንበሩ ያንቺ። አቅማሽስ ማን መሆን አለበት? ከዚያ ሁሉ እሸትሽ አንዲት ፍሬ ለታላቅሽ አቅምሰሻል?"

"እትዬ፣ እሱ እኮ እሸት አይደለም። ካርታ ነው።"

"ለኔ ያው ነው።"

እግሯን ከውኃው አውጥታ በቀሚሷ ጫፍ አበሰች። ረዘም ላለ ጊዜ ቁፋሮዬን አየችና "እውነትሽን ነው" ብላ ሄደች። ለዚያም ባቄላ አልሰጠኋትም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከገበያ ተመልሼ ያንኑ የጎመን መደብ ስቆፍር ወንፊቴ አንጎራጎረ። መጀመሪያ ከላይ የሷ መስሎኝ በልማዴ ሽቅብ አየሁ። ከዚያ ወንፊቱ በእጄ ውስጥ ሲነዝር አወቅሁ፤ የኔው ነው። አፈሩን በጣቴ ገለል አደረግሁ። ንጉሥ አለ፤ ከግራና ከቀኙ ሁለት የእህል ዛላ ፊቱን አቅፎታል። በራሱ ዙሪያ የወርቅ ቅብ ርዝራዥ ይብለጨለጫል። ሳንቲሙን እዚያው መልሼ ቀበርኩት፤ አፈሩን እንደ ሕፃን አለበስኩት። እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ሰሌዳዬ ቢጫ ነበር። ካርታው ላይ ባዶው ነጭ መሬቴ መካከል አንዲት ነጥብ፦ ፈንታዬ አሰጌ። ነጠላዬን አሳምሬ ለብሼ ወደ አመለወርቅ ወጣሁ። ላሳያት ነው የወጣሁት፤ ለሌላ አይደለም።

"እሰይ እትዬ፣ እሰይ" አለች። አቀፈችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሰው በሌላ ሰው ነጥብ እንዲህ ሲደሰት ግራ ይገባኛል። "ምን ይመስላል?" አለችኝ።

"ንጉሥ አለበት። ዛላ አለበት፣ ግራና ቀኝ።"

"እሸት ነዋ" አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እንዲያ አብረን የሳቅነው እናታችን ከሞተች ወዲህ መጀመሪያችን ነበር። የደስታችን ምክንያት ግን አንድ አልነበረም።

ቅዳሜ ሰሌዳዬ ተመልሶ አመድማ ሆነ። ደረቴን እንደተመታሁ ሽቅብ ቀና አልኩ። የአመለወርቅም አመድማ ሆኗል። ዓይኔን አሸሁት። አመድማ ነው።

ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፤ የኔን ማጣት እስክረሳ ድረስ ደስ አለኝ። ዶሮዎቹን እያንጎራጎርኩ ለቀቅኋቸው።

ሰኞ ዕለት ከካርታ ቤት ያብስራ የሚባል ወጣት መጣ። ሁለታችንንም በአመለወርቅ ቤት ሰብስቦ፣ ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ። ቁጡ አይደለም፤ ድምፁ የሐኪም ይመስላል። በእጁ የያዘውን ትንሽ ሰሌዳ መደቡ ላይ አኖረና ሁለት ምስል አሳየን። ሁለቱም ላይ ያው ንጉሥ፣ ያው ዛላ አለ።

"እናቶቼ፣ እነዚህ ሁለት ሳንቲሞች አይደሉም። አንድ ነው። ጠርዙ ላይ ያለችውን ጭረት ተመልከቱ። የዛሬ ሦስት ዓመት የእማማ አመለወርቅ ወንፊት እዚህ ላይ አንብቦታል። አሁን ደግሞ እማማ ፈንታዬ ታች ምንጩ ጋ አንብበውታል።"

ጎንበስ ብዬ ጭረቷን አየሁ።

"ካርታው ጎርፍ ነው ብሏል። አንዱን ጎርፍ ካወረደው የቀሩትንም ከሌላ ቦታ ጎርፍ አምጥቷቸው ይሆናል። ስለዚህ ይህ መሬት ገበያ አልነበረም፤ ደለል ነው። ደለል ቀይ አይሆንም። ጎርፍ ከሆነ ሁለታችሁም አዲሱ ሰፈር ትገባላችሁ።"

"ጎርፍ ካልሆነስ?" አልኩት።

"የሰው እጅ ከሆነ ያ ሳንቲም ከስሌቱ ይወጣል፤ የእማማ አመለወርቅ ቀይ ይመለሳል። ካርታው የሚያየው አፈር ነው፤ ሰው አያይም። ለዚህ ነው እኔን የላኩኝ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ሕጉን ታውቁታላችሁ። ያንቀሳቀሰው ሰው ካለ ስሙን ብቻ ንገሩኝ።"

አመለወርቅን አየኋት። እጆቿን በነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋለች፤ እንደ ልጅነታችን፣ እናታችን ማሩን ማን ቀመሰው ስትል እንደምታደርገው። ያኔ ገባኝ። ገበያ ውዬ ስመለስ የጎመን መደቤ ተነካክቶ ነበር፤ ዶሮ መስሎኝ አልፌዋለሁ። "ከዚያ ሁሉ እሸትሽ አንዲት ፍሬ" አልኳት፤ አንዲቱን ፍሬ አመጣችልኝ። እሷ ብዙ አላት፤ አንድ ቢወጣ የማይጎድል መስሏታል። የሞኝ ሒሳብ ነው። የሷ ሒሳብ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ልትናገር ነው።

ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እሷ "እኔ ነኝ" ትላለች፤ ቀዩ ይመለሳል፤ እሷ በባቡር ትሄዳለች፤ ልጅ የላትምና የቅርብ የሥጋ ዘመዷ ደግሞ እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ነጥብ፣ ወንበሩ፣ እንግዳው፣ ግንቡ፣ ሐይቁ መካከል የሚቀረው ቤት የኔ ይሆናል። ስንት ዓመት አረም እየነቀልኩ የተመኘሁት በአንዲት ትንፋሽ ዝምታ እጄ ይገባል።

ታዲያ እዚያ ቤት ውስጥ ራሴን አየሁት። እንግዳ ይመጣል፣ "የወይዘሮ አመለወርቅ ቤት ይህ ነው?" ይላል። ለእህቷ ብላ መሬቷን ያጣችው እሷ አይደለችም ወይ ይሉኛል። ምን ዓይነት ሰው ነበረች ይሉኛል። እስክሞት ድረስ በስጦታዋ ላይ ተቀምጬ የሷን ደግነት ለመንገደኛ ስተርክ ልኖር ነው። ነጥቡን ወሰደች፤ ወንበሩን ወሰደች። ይህንንም ልትወስደው ነው? አንጀቴ አረረ። እንደዚያን ቀን በእህቴ ቀንቼ አላውቅም።

"እኔ ነ..." ስትል ከአፏ ነጠቅኋት።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "እሷ ለቅሶ የሄደች ቀን ወጥቼ ሰርቄያታለሁ።"

"እትዬ፣ ኧረ በእመቤቴ..."

"ዝም በይ" አልኳት። "ታላቅሽ ነኝ። መምረጡ የኔ ነው።"

ያብስራ ተራ በተራ አየን። ሞኝ ልጅ አይደለም፤ የገባው ይመስለኛል። ግን ለስም እንጂ ለሌላ አልተላከም። "ምክንያቱን መጻፍ አለብኝ" አለ ቀስ ብሎ።

"ቅናት ብለህ ጻፍ።"

ጻፈ። እኔም አልዋሸሁም።

ለመሸኛ የመጣው መኪና ምንጩ አጠገብ ቆመ። አመለወርቅ ዕቃዬን አቀበለችኝ፤ ስታለቅስ ነጠላዋ ርሷል። ከበስተኋላዋ ሰሌዳዋ ቀልቶ ይታያል። የአገሩ ሰው በየደጁ ቆሞ አየኝ። ሌባ የሚል ሰው አልሰማሁም፤ ሁሉም እንዲያ ሲያስብ ግን ይታወቀኝ ነበር።

አሁን ባለሁበት ቆላ በየደጁ ሰሌዳ የለም። ጧት እወጣና በልማዴ ግድግዳውን አያለሁ፤ ባዶ ነው፤ የጎረቤቴንም አያለሁ፤ ባዶ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ምን እንደማስብ ጠፍቶኝ ዶሮዎቹን ሳልለቅ እቆይ ነበር።

ውኃው ተኝቷል። በካርታው ላይ ማሳዬ ሰማያዊ ነው። በሰማያዊው መካከል ግን ካርታው ከስሌት የወጣች አንዲት ነጥብ ትቷል፣ ለማስጠንቀቂያ ይመስለኛል፦ አንቀሳቃሽ፣ ፈንታዬ አሰጌ፣ ምክንያት ቅናት። በሐይቁ ሁሉ ላይ ሌላ ነጥብ የለም። አመለወርቅ እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። ባለፈው እንዲህ አለችኝ፦

"በጀልባ የሚመጣው ሁሉ ያንቺን ነው የሚጠይቀኝ።"

"ያንቺንስ?"

"አይተውት ያልፋሉ" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ቅር ያላት ነገር ሰማሁ፤ ወይም መስሎኝ ይሆናል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ትናንት ባቡሩ ትንሽ ጥቅል አደረሰልኝ። የባቄላ እሸት፣ ከነቅርፊቱ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ። ድንጋዩን ለቅማ፣ የሐይቁን ውኃ በእንስራ እያመላለሰች ያበቀለችው ነው አሉ። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ፈለፈልኩት። የመጀመሪያውን ፍሬ ለጎረቤቴ ሰጠሁ፤ ሁለተኛውን ቀመስኩ።

ከኔ ማሳ ይበቅል የነበረው ይሻላል።